የአንድ ቡጢ ክርክር

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ኳስ ሲጻፍ የለመዳችሁት የክፍል ለክፍል ግጥሚያ ውጤት ነው። ዛሬ ግን የምናወጋችሁ ከመካከላችን አንዳችንም በዓይናችን ስላላየነው ኳስ፣ ከፊሎቹ በሞት ስለተለዩ አሠልጣኞች፣ ደግሞም ስለ ራሳችን ነው። ጉዳዩ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶናል። ከጎን ክፍል ያላችሁትም ግድግዳውን እየደበደባችሁ «ኧረ ተኙ! ነገ ፈተና አለብን!» ስትሉ አምሽታችኋልና፣ ስለ ምን ስንጮኽ እንደነበረ የማወቅ መብት አላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በኮፍያ ነው። ከስድስታችን የአንዱ የአክስት ልጅ የሚኖረው በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ ነው። ከተማይቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉባት ናት። ይኸው ዘመድ ቀይና ግራጫ ኮፍያ በሰው እጅ ላከ። የምን ክለብ ነው ብለን ብናስጠይቀው፣ ክለብ አይደለም፣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድን ነው አለን። ተማሪዎች! ሜዳቸው በፈረስ ጫማ ቅርጽ የተሠራ፣ በ1922 የተከፈተ፣ ዛሬ ከ102,000 በላይ ሰው የሚይዝ ነው። እኛ በኢንስቲትዩታችን ሜዳ ስንጫወት የሚመለከተን ሕዝብ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ጨምሮ መቶ ቢሞላ ነው። (የአሜሪካኖቹን ነገር ስናወራ ዓመቱን የምንጽፈው በእነሱ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።)

ጨዋታውም እኛ የምናውቀው አይደለም። እግር ኳስ ይሉታል እንጂ እግር ኳሱን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፣ ታቅፎ ይሮጣል። አንድ ቡድን አሥር ያርድ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። ይህን ያስረዳን «ስፖርት» ነው፤ አልጋው ላይ ቆርኪ ደርድሮ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። በክፍላችን የምንጠራራው በምንሠለጥንበት ትምህርት ነው፤ «ስፖርት»፣ «ሒሳብ»፣ «አማርኛ»፣ «ሲቪክ»፣ «ሳይንስ»፣ «እንግሊዝኛ»። የእናት ስማችንን የምናስታውሰው ደብዳቤ ሲመጣ ብቻ ነው።

የኮፍያው ላኪ እንደነገረን፣ በዚያ ከተማ ፀጉር አስተካካይ ቤት የገባ ሰው ፀጉሩ ተቆርጦ እስኪያልቅ «ካለፉት አሠልጣኞች ማን ይበልጣል?» የሚለውን ክርክር ሳይሰማ አይወጣም። እኛም እንግዲህ ምን ቸገረን፣ የማናውቀውን አገር ጠብ ወርሰን አደርን።

«ሒሳብ» ቁጥር ይወዳልና ቶሎ ቀደመን። ጆን ኩፐር የሚባል አሠልጣኝ ነበረ፤ ከ1988 እስከ 2000 ድረስ 111 ጊዜ አሸንፏል። ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚያነሣበት ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ካደረጋቸው 13 ግጥሚያዎች ያሸነፈው 2 ብቻ መሆኑን ነው፤ አንዱን እኩል ወጥቶ 10 ጊዜ ተሸንፏል። «ይህ ግፍ ነው!» አለ «ሒሳብ»። «አንድ መምህር አሥራ ሁለት ወር አስተምሮ በአንድ ፈተና ይመዘናል እንዴ?» ብሎ ተነሥቶ ቆመ። አይመዘንም አልነው። እንዳይመዘን ብንመኝም እንደሚመዘን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ከኩፐር በፊት የነበረው ኧርል ብሩስ ደግሞ ከ1979 እስከ 1987 ድረስ 81 ግጥሚያ አሸነፈና በመጨረሻው ዓመት፣ ከሚሺጋን ጋር ሊጫወት በቀረው ሳምንት፣ ተባረሃል ተባለ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ተቃውሞ ራሱ ሥራውን ለቀቀ። ተጫዋቾቹ የአሠልጣኛቸውን ስም በግንባር ማሰሪያ ላይ ጽፈው ሜዳ ገቡ፤ በባላጋራቸው ሜዳ 23 ለ 20 አሸነፉ። «አማርኛ» ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ። (እሱ በቀላሉ ነው የሚያለቅሰው፤ ሽንኩርት ስንከትፍም እናውቀዋለን።)

ስለ ጂም ትረስልና ስለ ኧርበን ማየር ብዙ አልተከራከርንም፤ የኮሎምበሶቹ ግን በእነዚህ ነው የሚጣሉት። ትረስል የ2002ን የአገር ሻምፒዮንነት ያመጣ፣ ከሚሺጋን ጋር ካደረጋቸው 10 ግጥሚያዎች በሜዳ ላይ 9ኙን ያሸነፈ ነው። ተጫዋቾቹ ሽልማትና መለያቸውን ለንቅሳት መለወጣቸውን፣ ይህም በደንቡ የተከለከለ መሆኑን በ2010 ተጽፎለት ሳለ ለበላይ ሳያሳውቅ ቀረ። ሲገለጥ በግንቦት 2011 ሥራውን ለቀቀ፤ ቡድኑም የ2010 ድሎቹ ተሰረዙበት። በቀጣዩ ዓመት በኅዳር ወር፣ የ2002ቱ ቡድን አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ የድሮ ተጫዋቾቹ በትከሻቸው ላይ ተሸክመውት ሕዝቡ አጨበጨበለት። ከዚያ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ2025 ደግሞ የክፍለ ግዛቲቱ ምክትል አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ማየርም 83 አሸንፎ የተሸነፈው 9 ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በ2018 በረዳቱ ላይ የቀረበውን የቤት ውስጥ ጥቃት ክስ የያዘበት መንገድ ሦስት ግጥሚያ አሳግዶታል። እንግዲህ ሰዎቹ ትረስል ምሕረት ሲያገኝ እገሌ ለምን ይነፈጋል እያሉ ነው ሌሊቱን የሚያነጉት።

እኛን የያዘን ግን ሌላ ነው። ዉዲ ሄይስ ይባላል።

ስለ እሱ ስናነብ መጀመሪያ ደስ ያለን የእኛ ሰው መሆኑ ነው። አባቱ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ነበሩ። እሱም በ1913 ተወልዶ፣ በኮሌጅ እንግሊዝኛና ታሪክ አጥንቶ፣ ሥራ የጀመረው በትናንሽ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገለገለ። በ1951 ኦሃዮ ስቴት ገባ፤ እስከ 1978 ድረስ 28 የውድድር ዘመን ቆየ። 205 አሸነፈ፣ 61 ተሸነፈ፣ 10 እኩል ወጣ። ዩኒቨርሲቲው በእሱ ዘመን አምስት የአገር ሻምፒዮንነት ይቆጥራል።

ቁጥሩን ተዉት። ተጫዋቾቹ ዲግሪያቸውን ሳይጨርሱ እንዳይሄዱ የሚወተውት፣ በሽተኛ ለመጠየቅ ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው ነበረ። በእጁ ካለፉት አንዱ አርቺ ግሪፊን የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚያገኘውን የሃይስማን ሽልማት በ1974 እና በ1975 ሁለት ጊዜ የወሰደ ብቸኛ ሰው ነው፤ በኋላም የዚያው ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መሪ ሆኗል። ከሁሉ የደነቀን ግን የ1961ዱ ነው። ቡድኑ ሳይሸነፍ ዓመቱን ጨርሶ፣ ሁሉም የሚመኘውን ሮዝ ቦውል ሊጫወት ሲል፣ የመምህራኑ ጉባኤ ኳሱ ትምህርቱን እየዋጠው ነው ብሎ 28 ለ 25 በሆነ ድምፅ አትሄዱም አለ። ተማሪው በቁጣ አደባባይ ወጣ። ሄይስ ውሳኔው አልጣመውም፤ ሆኖም የመምህራኑን ድምፅ አክብሮ ተቀበለ። «ይኼ ነው ሰው!» አለ «ሲቪክ»፤ የመጀመሪያው ሌሊት ግድግዳ የተደበደበውም በዚህ ጩኸት ነው።

አሁን ወደ ቡጢው እንምጣ።

ታኅሣሥ 29 ቀን 1978፣ ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ከተማ። ኦሃዮ ስቴት ከክሌምሰን ጋር ይጫወታል፤ 17 ለ 15 እየተመራ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ወጣቱ ተጫዋቹ የወረወራትን ኳስ የክሌምሰን ልጅ መሐል ገብቶ ቀለባትና ሮጦ ከሜዳው ወጣ፤ የወጣው በኦሃዮ ስቴቶች ሰልፍ በኩል ነበር። የ65 ዓመቱ ሄይስ ልጁን ያዘና አንገቱ ላይ በቡጢ መታው። ቴሌቪዥን እያየ። በማግስቱ ተባረረ። ያባረረው የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ማን ይመስላችኋል? ሄይስ ራሱ በወጣትነቱ ያሠለጠነው፣ በኋላም ረዳቱ የነበረው ሂዩ ሂንድማን ነው።

ክርክሩ እዚህ ላይ ፈነዳ። «ስፖርት» በአንዲት ሴኮንድ የ28 ዓመት ሥራ አይሰረዝም አለ። ለዚህም ማስረጃው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው፤ ሄይስን አልካደውም፣ ቢሮ ሰጥቶታል፣ በመጋቢት 1986 ለተመራቂዎች ንግግር እንዲያደርግ ጋብዞታል። በዚያም ንግግሩ፣ ለዋሉልን ሰዎች ውለታውን መመለስ ስለማይቻለን ከኋላችን ለሚመጡት እንክፈል የሚለውን ዘወትር የሚናገረውን ሐሳብ አንሥቷል። በቀጣዩ ዓመት ሲሞት በቀብሩ ላይ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ተናግረዋል። ዛሬ የልምምድ ሕንፃውም መንገዱም በስሙ ይጠራሉ።

«እንግሊዝኛ» ግን አንዲት ሴኮንድ የሚባለው ውሸት ነው አለ። በ1973 ሮዝ ቦውል ላይ የጋዜጣ ፎቶ አንሺውን ካሜራ ፊቱ ላይ ገፍቶበታል። በ1977 ከሚሺጋን ጋር ሲጫወት የቴሌቪዥን ካሜራ የያዘውን ሰው መትቷል። «እስከዚያ ድረስ አባረሩት? አላባረሩትም! ለምን? ስለሚያሸንፍ! የመጀመሪያው ጊዜ ቢያስቆሙት ኖሮ አዛውንቱም በክብር ጡረታ ይወጣ ነበር፣ ልጁም አይመታም ነበር» አለን። እውነቱን ለመናገር ይህን ስንሰማ ትንሽ ዝም አልን።

ዝም ያልንበት ምክንያት አለን፤ እሱንም ሳንደብቅ እንጽፋለን። ኮፍያው በመጣበት ሳምንት ለተግባር ማስተማር በተመደብንበት ትምህርት ቤት፣ ከስድስታችን አንዱ የአራተኛ ክፍል ተማሪ በጥፊ መትቷል። የትኛችን እንደሆንን አንናገርም፤ እሱም ይህን ጽሑፍ ከእኛ ጋር ሆኖ ነው የሚጽፈው። ልጁ ምን አጠፋ ብትሉ፣ ሳቀ። አዲሱ መምህር ሰሌዳ ላይ ስሕተት ጽፎ ነበርና ልጁ አይቶ ሳቀ። የክፍሉ መምህር ከኋላ ተቀምጠው ሲያዩ ኖረው፣ ከደወል በኋላ «አይዞህ፣ ካልፈሩህ አታስተምርም» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እንግዲህ ሄይስ፣ ሄይስ የምንለው ስለማን እየተናገርን እንደነበረ ገብቷችኋል።

በሁለተኛው ሌሊት የየራሳችን መምህራን መጡ። ከስድስታችን ተማሪ ቤት ያልተመታ አንድም የለም። በአርጩሜ፣ በማስመሪያ፣ በኩርኩም፣ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ። የሚገርመው ግን ከመቺዎቻችን መካከል በጣም የምንወዳቸው አሉ። «ሳይንስ» ስለ አንድ መምህሩ ነገረን፤ ደብተር መግዣ ሲያጣ ከደመወዛቸው የገዙለት፣ በክረምት እቤታቸው ጠርተው በነፃ ያስጠኑት ሰው ናቸው። እሳቸው ናቸው ጆሮውን በጥፊ ብለውት ለአንድ ሳምንት ሲጮኽበት የሰነበተው። «እኔ ለዚህ የበቃሁት በእሳቸው ዱላ ነው፤ ዛሬም ባገኛቸው ጉልበታቸውን እስማለሁ» አለ።

«ሒሳብ» አልጋው ላይ እንደተኛ ጠየቀው።

«ስንት ነበራችሁ ክፍል ውስጥ?»

«ስድሳ ገደማ።»

«ስንታችሁ እዚህ ደረሳችሁ?»

«እኔና ሁለት ሌሎች።»

«እንግዲህ በዱላው ለዚህ ያልበቃው ልጅ እዚህ ክፍል የለማ! እሱ መጥቶ አይከራከርህም። አንተ የሦስቱን ምስክርነት ይዘህ ስለ ስድሳው ትናገራለህ።»

«ሳይንስ» ተቆጣ፤ መምህሬን ሰደብክ ብሎ እስከ ንጋት አላናገረውም። እኛ ግን መምህሩ የተሰደቡ አይመስለንም። ደብተሩን የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ጥፊውንም የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሰዎች አንዱን ለማቆየት ሌላውን መፋቅ ያለባቸው ለምን እንደሆነ አይገባንም። ኮሎምበሶችም ይኸው ነው የሚያጣላቸው፤ አንዱ ወገን ሕንፃውን እያሳየ ቡጢው ይረሳ ይላል፣ ሌላው ቡጢውን እያሳየ ሰውየው ሌላ ነገር አልሠራም ይላል። በ1961 የመምህራኑን ድምፅ ያከበረውና በ1978 ልጅ የመታው አንድ ሰው ነው። እኛ በበኩላችን ሕንፃው በስሙ መጠራቱን አንቃወምም፤ መባረሩም ትክክል ነበር እንላለን። «ስፖርት» በሁለተኛው ነጥብ አልተስማማም፤ ይመዝገብልኝ ብሏልና መዝግበንለታል።

ሕጉን በሚመለከት «ሲቪክ» አጭር አድርጎ ዘጋው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ይቻላል አይቻልም የሚል ክርክር የለም። ሕጉ ከተጻፈ በኋላ ተወልደን፣ ሕጉ እያለ ተገርፈን፣ ሕጉን አጥንተን ፈተና አልፈን፣ ከዚያም ሄደን መምታታችን ነው የሚያሳፍረው። ሕጉን ያለማወቅ ሰበብ እንኳ የለንም።

ሦስተኛው ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ነው ነገሩ የተገለበጠው። የሦስተኛ ዓመት የሆነች አንዲት እኅታችን ከአጠገባችን ተቀምጣ ቂጣዋን እየበላች ስታዳምጠን ቆይታ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝና» አለች፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ሄይስ ሄይስ ስትሉ እሰማለሁ። የተመታው ልጅ ስሙ ማን ነው?»

እርስ በርሳችን ተያየን። የሄይስን የልደት ዓመት እናውቃለን። ያሸነፈውን፣ የተሸነፈውን፣ እኩል የወጣውን እናውቃለን። ያባረረውን ሰው ስም፣ በቀብሩ የተናገረውን ሰው ስም እናውቃለን። የተመታውን ልጅ ስም «ስፖርት» እንኳ አላነበበውም ነበር።

«ቻርሊ ቦውማን» ሆኖ ተገኘ፤ ማታ ፈልገን አገኘነው። የሚያሳዝነው ኳሷን የቀለበው እሱ ነው፤ ቡድኑ እንዲያሸንፍ ያደረገው ያ ቅለባው ነው። ሰው የሚያስታውሰው ግን በመመታቱ ነው፤ እሱም ስለዚያች ቀን ብዙ ማውራት የሚወድ ሰው አልሆነም። በየፀጉር ቤቱ ስለ አሠልጣኙ ውርስ ሲከራከሩ፣ እሱን ምን ይመስልሃል ብሎ የሚጠይቀው ስንቱ ይሆን?

እኅታችን ግን ጥያቄዋን አልጨረሰችም ነበር። ከመካከላችን አንዱን ቀና ብላ አየችውና (ወሬው እንዴት እንደደረሳት እግዜር ይወቅ፣ ይህ ግቢ ሚስጥር አይቋጥርም) «የአንተኛውስ?» አለችው። የመታውን ልጅ ስም አያውቀውም ነበር። አራት ቀን አስተምሮ «አንተ ከኋላ»፣ «አንተ ባለ ሹራቡ» ሲል ነው የቆየው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ሁለታችን አብረን ገባን፤ አንዳችን ለማስተማር፣ ሌላችን ከኋላ ተቀምጠን ለመመልከት። የስም መጥሪያውን ከክፍሉ መምህር ላይ ለምኖ ነበር። «ምን ይሠራልሃል፣ ጊዜ መግደል ነው» ቢሉትም ሰጡት። ቀኑን ሰሌዳ ላይ ሊጽፍ ጠመኔ ይዞ እጁን ቀና ሲያደርግ፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ያለው ባለ ሹራቡ ልጅ ደብተሩን አንሥቶ ጭንቅላቱን ከለለ። እጁ ወደ ሰሌዳው ነበር የሄደው፤ ልጁ ግን ከለለ። እኛ ከኋላ ሆነን አየነው፤ እሱም ዘወር ሲል አየው።

ጠመኔውን አስቀመጠና ስም መጥራት ጀመረ። ሃምሳ አራት ልጆች ናቸው። እያንዳንዱን እስከ አባት ስሙ ይጠራል፣ «አቤት» ሲሉ ፊታቸውን አይቶ ይቀጥላል። ግማሹ ክፍለ ጊዜ በዚሁ አለቀ፤ የክፍሉ መምህር ሰዓታቸውን አዩ። ባለ ሹራቡ ጋ ሲደርስ ስሙን ጠራውና፣ ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ስሕተት ነበር፣ አንተ ልክ ነበርክ፣ የመታሁህ እኔ አጥፍቼ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ አለው። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ልጁ ምን እንደሚመልስ ግራ ገባው፤ ክፍሉም ጸጥ አለ። ከአጠገቡ ያለችው ልጅ በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

«አቤት» አለ ልጁ፤ ደብተሩን ግን ገና ዴስኩ ላይ አላወረደውም ነበር።